ከሆሳዕና እስከ ቢታንያ፤ አንዲት ምስክር ፍለጋ

ሚስቴን አየለችን ክርስቲያን አይደለችም ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከመንገድ ዳር አስቀበሩብኝ። በደሉ ይህ ነው። ጌጥ አልጨምርበትም።

አየለች የጊምቢቹ ልጅ ናት፤ ሀዲያ። ከመጋባታችን በፊት ሆሳዕና ላይ ተጠምቃለች፣ የክርስትና ስሟም ወለተ ሥላሴ ነው። በዚያ ቀን እኔ ሾኔ ገበያ በቅሎ እሸጥ ስለነበር አላየሁም። ያጠመቋት ቄስ ሞተዋል። የክርስትና እናቷ የጎተራ ሹሙ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ባላቸው ሲሞት ከአገር ወጥተዋል። ሌሎች ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ የደብሩን አለቃ ፈርተው አላየንም አሉ። አስከሬኗ ቤት ተኝቶ ሳለ አለቃው ወረቀት አቀረበልኝ፤ ለቀብሩ ነው አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ለካ ወረቀቱ «ሚስቴ ሳትጠመቅ መሞቷን አምኛለሁ» ይላል። እኔ ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም።

በአርባ ሁለት ዓመቴ ሀ ሁ ማለት የጀመርኩት በዚያ ንዴት ነው። ያስተማረኝ አንጋጫ ላይ ጨው የሚሸጥ የመንዝ ሰው ነው። እሱ ጨው ሲመዝን እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ፊደል እቆጥራለሁ። ገበያተኛው ይስቃል፤ ይሳቅ። ወይዘሮ አስካለ ኢየሩሳሌም ገብተው መነኰሱ ሲባል ሰምቻለሁ ብሎ የነገረኝም እሱ ነው። ይህንን ለአለቃው ብነግረው፣ «የክርስትና እናቷን ቃል አምጣና አጥሩን እኔው በእጄ እከፍትልሃለሁ» አለኝ። ከኋላው ያሉት ደብተራዎች ሳቁ። ባሕር ማዶ ያለች ሴት አንድ የበቅሎ ነጋዴ ከየት ያመጣታል ብለው ነው።

እኔም ሄድኩ። እናንተ ከሆሳዕና ገበያ የማትርቁ ሰዎች መንገዱ እንዴት ነው እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይኸው እንደቅደም ተከተሉ ጻፍኩላችሁ።

ጥር አሥራ አራት ቀን ሁለት በቅሎዎች ሸጬ በሦስተኛዋ ተነሣሁ። ስንቄ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ነበር፤ የአየለች እኅት ከጊምቢቹ ያመጣችልኝ ነው። እንደኛ አገር ቆጮ የትም የለም፤ ሲቆይ ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም።

በሁለተኛው ቀን ስልጤ አገር ዝናብ ያለጊዜው ያዘኝና አንድ እስላም ገበሬ ቤት ገባሁ። ሰውየው ከዚያ በፊት አይቶኝ አያውቅም። በግ አርዶ ኖሮ ቤቱ በሥጋ ሽታ ተሞልቷል። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሚስቱን ጠርቶ፣ «ለእንግዳው ጎመንና አይብ በአዲስ ጣባ አቅርቢለት፤ የኛን ሥጋ አይበላም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔም የአንተን አልበላም፤ ጎመኑ ግን የሁላችንም ነው» አለኝ። በማግስቱም ወንዙን ራሱ አሻገረኝ። አንድ አጥር ውስጥ አብረውኝ ያስቀደሱ ሰዎች ያላደረጉልኝን ነው ያደረገልኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

በስምንተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባሁ። ይለፍ ወረቀት ለማግኘት አራት ቀን ደጅ ጠናሁ። ጸሐፊው «ጣትህን አምጣ» ሲለኝ ብዕሩን ከእጁ ወስጄ ስሜን ጻፍኩ። ደምሴ። «ደ»ዋ ተጣማለች፤ ቢሆንም የኔ ናት።

ምድር ባቡሩ እንደምትሉት አያስፈራም። ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ግን አይደነብርም፤ ሽቅብም ቁልቁልም አንድ ነው። በቅሎ እንዲህ ብትሆን ሥራዬ ይቀር ነበር። መጀመሪያ አዋሽ፣ ቀጥሎ ድሬዳዋ አደርን፤ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ወረድን። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። የነነዌ ጾም እዚያ ያዘኝ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አንዲት ሶማሌ ሴት ነበሩ። ቋንቋ አንግባባም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አለመቅመሴን አይተው በመጀመሪያው ቀን ታምሜ መስሏቸው ግንባሬን ዳሰሱ። በሁለተኛው ቀን ገባቸውና ልክ በዘጠኝ ሰዓት ቴምርና ውሃ ይዘው መጡ። በሦስተኛው ቀን እኔ ሰዓቱን ብረሳ እሳቸው አልረሱም።

የካቲት ሦስት ቀን መርከብ ላይ ወጣን። የኛ ቦታ ከላይ፣ ከሰማዩ በታች ነው። ስለመርከብ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስመልሳል። ረቡዕና ዓርብ የሚበላ የጾም ነገር ጠፍቶ ሳለ አብሮን የነበረ የሐረር ሰው ዳቦና ጥቁር ፍሬ ሰጠኝ። መራራና ጨዋማ ነው። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ወይራ ነው አለኝ። እኛ ለዱላና ለወተት ዕቃ ማጠኛ የምናውቀውን ወይራ እነሱ ፍሬውን ይበሉታል! መጀመሪያ ተፋሁት። በስድስተኛው ቀን ግን ለምኜ የምበላ ሆንኩ።

ፖርት ሰይድ ወርደን ቀንጠራ ከሚባል ቦታ ስንደርስ ሐኪም ዕቃችንን አስፈታ። ኮባውን ሲገልጥ ወደኋላ ፈነጠረ። አፍንጫውን ይዞ በቋንቋው አንድ ነገር አለ። የሐረሩ ሰው አስተረጐመልኝ፦

«ይህ ነገር መቼ ነው የሞተው ይላል።»

«አልሞተም፤ ምግብ ነው በለው።»

ተነጋገሩ። «የምን ምግብ ይላል፤ የከብት ወይስ የሰው?»

«የከምባታና የሀዲያ ምግብ ነው፤ እሱ ሳይወለድ እንበላው ነበር በለው።»

ይህን ያስተረጐመለት አይመስለኝም። ቆጮዬን በረጅም እንጨት አንሥተው እሳት ውስጥ ጣሉት። ከነደደ በኋላ ግን ሽታው ተለወጠ፤ የጋገሩት ያህል መልካም ሽታ ወጣ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አሸተተ፣ እኔን አየኝ። ጥፋቱን እንዳወቀ አውቄበታለሁ። ከሱ ሠራተኞች አንዱ የራሱን ምሳ ከፍሎ ሰጠኝ፤ ያንን አልክድም።

ከቀንጠራ በባቡር ልዳ ደረስን። የጊዮርጊስ አገር ነው ሲባል ተሳላሚዎቹ ሴቶች እልል አሉ፤ የባቡሩ ሠራተኛ የሆነ አደጋ መስሎት ሮጦ መጣ። በዚያው ቀን፣ የካቲት አሥር፣ ኢየሩሳሌም ገባሁ።

በኢትዮጵያውያን ገዳም አሳረፉኝና መሪ ሰጡኝ። ደብተራ ምሕረቴ ይባላሉ፤ ጎንደሬ ናቸው፤ ከተማይቱ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ዐረብኛ እንደ ውሃ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው።

«ከየት ነህ?» አሉኝ።

«ከሆሳዕና።»

«አገርህን ነው እንጂ በዓሉን አልጠየቅኩህም።»

«አገሬ ነው እንዲያ የሚባል።»

«እንግዲያ ዘንባባህን ረስተህ መጥተሃል» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሳቃቸውን አቆሙ። «ወይዘሮ አስካለ ብለህ ብትጠይቅ ማንም አያገኝልህም» አሉ። «ሰው ሲመነኵስ ፍትሐት ይደረግለታል። እንደ ሬሳ ተጋርዶ ይጸለይበታል። ስሙም አብሮ ይቀበራል። እዚህ ወይዘሮ የለም። የሚታወቁበት ነገር ምን አላቸው?»

ምን እንበል? ባለጠጋ፣ ቀይ፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። ደብተራ፣ «ይህማ ግማሹ ገዳም ነው» አሉ።

በማግስቱ ጎልጎታ ወሰዱኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከውጭ ሳየው ትልቅ መስሎ አልታየኝም፤ ቤት ላይ ቤት ተደርቦበታል። ስገባ ግን ወድቄ ሰገድኩ። ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ በሰው ከንፈር ብዛት እንደ ሳሙና ለስልሷል። ስንት አገር ሰው፣ ስንት ቋንቋ! ማንም ማንንም አንተ ማን አስገባህ አይለውም። ከዚያ በደረጃ ወደ ዴር ሡልጣን ወጣን። የኛ መነኰሳት ጎጆ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ነው። እኛ አገር ሰው ጎጆውን ሜዳ ላይ ሠርቶ የማረሻ መሬት አነሰኝ ይላል፤ እነሱ ጣራ ላይ ተቀምጠው ምንም አላነሳቸውም። ያንን ሳይ አፈርኩ። ሦስት መነኮሳይያት ጠየቅን። አንዷ ትግሬ ናቸው፣ አንዷ ከላስታ፣ አንዷ ጆሯቸው አይሰማም። ወይዘሮ አስካለ የሉም።

በሦስተኛው ቀን አይሁድ የሚያለቅሱበት ግንብ ዘንድ ሄድን። የድንጋዩን ትልቅነት ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ አንዱ ድንጋይ እኔ ቤት ደጃፍ ቢቀመጥ ቤቱ አይታይም። ሰዎቹ ግንባራቸውን አስደግፈው ያነባሉ። ደሃው፣ ሽማግሌው፣ ልብሱ የተቀደደው፣ ሁሉም መጽሐፍ ይዟል። «እዚህ ጣቱን የሚያትም የለም?» አልኳቸው ደብተራን። «ምን አልክ?» አሉ። «ምንም» አልኩ። ጸሎታቸውን በወረቀት ጽፈው ስንጥቁ ውስጥ ይከታሉ። ደብተራ፣ «አንተም ከፈለግህ ጻፍ» ቢሉኝ፣ የኔ ጉዳይ ለድንጋይ ሳይሆን ለአለቃ ነው የሚጻፍ አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን አህያ ተከራይተን ወደ ቤተ ልሔም ወጣን። አምስት ተሳላሚዎች ነን፤ ከነሱ አንዲት መነኩሲት አሉ። መንገድ ላይ አንድ ትንሽ ጉልላት ያለው ቤት አለ። የራሔል መቃብር ነው አሉን። ራሔል በወሊድ ጊዜ በመንገድ ስለሞተች ያዕቆብ እዚያው ከመንገዱ ዳር ቀበራት። የአይሁድ ሴቶች መቃብሯን ከበው ይስማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ክር ይጠመጥሙበታል። ትናንት የሞተች እኅታቸው ናት የምትመስለው። አንዲት አሮጊት እኔን ጥቁሩን ሰው ቆሜ ሲያዩኝ ከሴቶቹ መካከል ቦታ ለቀቁልኝ። ገብቼ ድንጋዩን ነካሁ። ከዚያ ወጥቼ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ፤ ደብተራም ወሬያቸውን ትተው ከጎኔ ተቀመጡ። እዚያ ያለቀስኩትን ልቅሶ በቀብሯ ቀን አላለቀስኩትም።

ስንነሣ የያዝኳት አህያ እጅጌዬን ነከሰችኝና አልለቅ አለች። እኔ የበቅሎ ነጋዴው! መነኩሲቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ፤ «ቢታንያ ያሉት እማሆይ ወለተ ሐና ትዝ ብለውኝ ነው። ከሀዲያ አገር በነካሽ በቅሎ ወጣሁ እያሉ ሲያስቁን ይኖራሉ። ሻጩን እስከ ዛሬ ይረግሙታል።»

«በቅሎዋ ዳማ ናት?» አልኩ።

«ዳማ፣ አንድ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው የሚሉት። አንተ በምን አወቅህ?»

«ሻጩ እኔ ነኝ።»

ደብተራ ምሕረቴ መንገዱ መሐል ቁጭ ብለው ሳቁ። ቤተ ልሔምን ተሳለምኩ፤ ዋሻው፣ ኮከቡ፣ መብራቱ ሁሉ ያማረ ነው። ግን አልዋሽም፣ ልቤ ቢታንያ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጧት ቢታንያ ደረስን። ደብተራ፣ «መጀመሪያ የአልዓዛርን መቃብር ተሳለም፤ ሥርዓት ነው» አሉ። የጠበበ ደረጃ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብለህ፣ ከታች ደግሞ በሆድህ ልትገባ ምንም አይቀርህም። አራት ቀን የቆየ ሬሳ ከዚያ ወጣ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ደኅና ሰው ሆኜ እንኳ ስወጣ ወገቤን ያዘኝ።

ከዚያ የኛ ሰዎች ወዳሉበት ቤት ገባን። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀይነቱ ጠፍቷል፤ ቁጣው ግን ፊታቸው ላይ አለ።

«እማሆይ፣ ደምሴ ነኝ። ከሆሳዕና። በቅሎ ነጋዴው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያቺን ሰይጣን የሸጥክልኝ?»

«እኔው ነኝ።»

«ገራም ናት ብለህ በማርያም ምለህልኝ!»

«ምዬ ነበር።»

«ሁለት ጊዜ ጣለችኝ! ጎኔን እስከ ዛሬ ያመኛል! እዚህ ድረስ ደግሞ ምን ልትሸጥልኝ መጣህ?»

«አየለች ሞተችብኝ፣ እማሆይ።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ አለቃውን፣ አጥሩን። «ወለተ ሥላሴ» አሉ ቀስ ብለው። «ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱባት ሳቀች። በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ቄሱ ተቆጡ፤ እኔ ይበርዳታል እንጂ አልናቀችም አልኳቸው። ነጠላዬን አልብሼ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ይህንን ይመስክሩልኝ።»

ሰፌዱን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ «አልችልም ልጄ» አሉኝ። «አስካለ የምትባለው ሴት ሞታለች። ፍትሐቷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሞተ ሰው ወደ ዓለም ተመልሶ በሙግት ቃል አይሰጥም።»

ከሆሳዕና እስከዚያ የመጣሁት መንገድ ሁሉ እግሬ ላይ ወደቀ። ተቆጣሁ፤ በመነኩሲት ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ከዚህ ቁልቁል ካለው ጉድጓድ አሁን ነው የወጣሁት!» አልኩ። «አልዓዛር አራት ቀን ሞቶ አልነበረም? ተነሥቶ ከሰው ጋር ማዕድ አልቀረበም? የካህናቱ አለቆች ሊገድሉት የተማከሩት ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ነው? ሰው እሱን አይቶ እያመነ ስላስቸገራቸው አይደለም?»

ደብተራ ልብሴን ጎተቱኝ። እማሆይ ግን፣ «ይህንን ማን ነገረህ?» አሉ።

«ማንም። ራሴ አነበብኩት።»

«አንተ? ታነባለህ?»

«አሁን አነባለሁ።»

«እኔ አላነብም» አሉ። «አንብብልኝ።»

ወንጌሌን ከአንገቴ ማኅደር አወጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተደናቀፍኩ አነበብኩላቸው። ደብተራ አንዴ ሊያርሙኝ ሲሉ እማሆይ እጃቸውን አነሡባቸው። ስጨርስ፣ «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛ ሳልጀምር ተነሡ።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ። «አንተ ግን ያንን አለቃ ይቅር በለው።»

«እሷ ትግባና እንነጋገርበታለን።»

«አንተ በቅሎ!» አሉኝና ሳቁ።

በስድስተኛው ቀን በእግራቸው ኢየሩሳሌም መጡ። በገዳሙ መምህርና በሦስት አባቶች ፊት ቆመው ቃላቸውን ሰጡ፤ ደብተራ ምሕረቴ ጻፉ። መምህሩ፣ «እማሆይ፣ አንቺ ለዓለም የሞትሽ ነሽ፤ ይህን ቃል የምትሰጪ ምን ፈልገሽ ነው?» ብለው ጠየቁ። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «የሞትኩ በመሆኔ ነው። የምፈራው ሹም የለኝም፣ የምወርሰው ርስት የለኝም። የሞተ ሰው ምን ሊያገኝ ይዋሻል?» መምህሩ «ይህንንም ጻፈው» አሉ። ማኅተም ተመታበት። እኔም ከተሰጠኝ በኋላ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የጎደለ ቃል የለም።

እማሆይ ሲሰናበቱኝ የመግነዝ ጨርቅ ሰጡኝ፤ የጌታን መቃብር ያስነኩት፣ ለራሳቸው ያኖሩት ነው። «ለኔ እዚህ ሌላ አይጠፋም» አሉ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ደብተራ ምሕረቴ እስከ ባቡሩ ሸኙኝ፤ አፋቸው እስከ መጨረሻው አላረፈም፤ ባቡሩ ሲነሣ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

የመመለሻውን መንገድ አልጽፍም፤ ያው መንገድ ነው፣ ወደ ቤት ሲሆን ግን ይረዝማል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወረቀቱን በካህናቱ ጉባኤ ፊት አነበብኩ። ሌላ አንባቢ አልፈለግሁም። አለቃው እንደጠበቅኩት፣ «መነኩሲት ለዓለም ሙት ናት፤ ምስክርነቷ አይቆጠርም» አለ። «ቀጥሎ ያለውን ስማ» አልኩትና የመጨረሻዋን ቃላቸውን አነበብኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ያን ጊዜ አላየሁም ካሉት አንዱ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔም ነበርኩ» አሉ። «ስትስቅ ሰምቻታለሁ።» እሳቸውን ተከትሎ ሌላው ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው። አለቃው ብቻውን ተቀምጦ ቀረ።

አጥሩን እከፍታለሁ ያለው በእጁ ከፈተ። አፅሟን ራሴ አወጣሁ፤ በእማሆይ መግነዝ ጠቀለልኩ። የአየለች እኅት ከጊምቢቹ፣ የጨው ነጋዴው ከአንጋጫ መጥተዋል። ፍትሐቱን የመራው አለቃው ነው። ድምፁ ያማረ ነው፤ ወለተ ሥላሴ ብሎ ስሟን ሲጠራ ግን ተሰበረበት፤ ቆሞ እንደገና ጠራት። ይህንንም አልክድበትም።

ሚስቴ አየለች፣ ወለተ ሥላሴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከአጥሩ ውስጥ የገባችው ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፳ ዓመተ ምሕረት ነው።